ዞር በሉ፣ ታሪክ ላነሳ ነው

ስሜ ባንተይርጋ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፎቶ አንስቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት በከተማችን ያገባ፣ የተመረቀ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ፣ መውሊድ ያወጣ፣ የቀበሌ ዋንጫ የበላ ሁሉ በሌንሴ ፊት አልፏል። ግማሹ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለፈው። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ፀሐዩ ነው እላለሁ። ባለቤቴ አለሚቱ ግን፣ «አንተ አስተካክለህ እስክትጫን ድረስ ማን ዓይኑን ገልጦ ይቆይልሃል? ሰው እኮ እንቅልፍም አለበት» ትላለች።

ስልክ ካሜራ ይዞ ከመጣ ወዲህ ፎቶ ቤቴ ቀዝቅዟል። ሰርግና ምረቃ ላይ አሁንም እጠራለሁ፤ የቀረው ጊዜ ጉርድ ፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶ ማንንም አያስከብርም። ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና አደርግለታለሁ፣ እጫናለሁ፣ አራት አድርጌ አጥቤ እሰጠዋለሁ። እሱም ያየውና «ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ ተቀይሞ ይሄዳል። እኔም በዚሁ ተቀያይሜ የምኖር ሰው ነበርኩ።

የዛሬ አራት ዓመት ግን ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጣ። ስለ አሮጌው የባቡር መስመር የሚያጠና፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። ጣቢያውን፣ የውሃ ታንከሩን፣ የሠራተኞቹን ሰፈር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ድልድይ አሳየሁት። በሁለተኛው ቀን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ «አንተ እኮ የዚህ ከተማ ዓይን ነህ» አለኝ።

ይህን ያለኝ ምሳ ከጋበዝኩት በኋላ መሆኑን ያስተዋልኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኜ ተነሳሁ። ለሰላምታ የምሰጠው መልስ ራሱ አጠረ። ከናዝሬት አሥራ አንድ ኪስ ያለው ሰደርያ ገዛሁ፤ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ውስጥ ምንም አልነበረም። ከዚያም የሚጠፋውን ታሪክ ማንሳት ጀመርኩ። የዛገ ሐዲድ አነሳሁ። መስታወቱ የረገፈ መስኮት አነሳሁ። ቀለሙ የለቀቀ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አነሳሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። «መሽናት ክልክል ነው» መሆኑን የነገረኝ በኋላ ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ቅዱስ ጽሑፍ አክብሬ በትልቁ አሳጥቤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ነበር።

ለዚህ ሥራዬ አንድ ሕግ አወጣሁ። ታሪክ ሰው ከገባበት ይበላሻል አልኩ። ባዶ መሆን አለበት፣ ጭር ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ ካሜራዬን በደቀንኩበት ሁሉ እጄን እያወናጨፍኩ፣ «ዞር በሉ፣ ታሪክ ላነሳ ነው!» እል ጀመር። ውሃ የተሸከሙ ሴቶች ዞር አሉልኝ። ጥላ ስር ካርታ የሚጫወቱ ሾፌሮች እየሳቁ ዞር አሉልኝ። እንቢ ያሉኝ ፍየሎች ብቻ ናቸው።

ጣቢያው በረንዳ ላይ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሽ አምባዬ ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሐዲድ ሲቀይሩ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩ፣ ባቡሩ ከቆመም በኋላ ሰዓታቸውን እያዩ እዚያ መቀመጥ ያልተዉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ብርሃኑ ወንበሩ ላይ አምሮ ሲያርፍ አየሁና ቀረብ አልኩ።

«ጋሽ አምባዬ፣ ለአፍታ ብድግ ይሉልኛል?»

«ምነው? ባቡር መጣ?»

«አይ፣ ወንበሩን ላነሳው ነው።»

«ወዴት ልታነሳው?»

«ፎቶ ነው እንጂ። ታሪካዊ ስለሆነ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወንበሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እኔስ?» አሉ።

«እርስዎን ሌላ ቀን፣ ተዘጋጅተን» አልኳቸው። ሳቁና ፀሐይ ላይ ወጥተው ቆሙልኝ። ወንበሩን ሠላሳ አንድ ጊዜ አነሳሁት። እሳቸው ያን ሁሉ ጊዜ ከጀርባዬ ቆመው፣ «በቀኙ በኩል እግሩ ስብራት አለው፣ እሱን ደብቅለት» እያሉ ይመክሩኝ ነበር።

ሌላ ቀን የተባለው ሳይመጣ ጋሽ አምባዬ በሰኔ ሞቱ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ልጃቸው መቅደላዊት ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ድንኳኑ ላይ የምንሰቅለው ፎቶ የለንም። አንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው። ጣቢያው ሁልጊዜ አብራችሁ አልነበራችሁም?»

«አለ፣ አለ» ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፈለግኩ። ሠላሳ አንድ ወንበር አገኘሁ። በአንደኛው ላይ፣ ከግራ ጥግ፣ የከዘራቸው ጫፍ ይታያል። ከዚያ በቀር ምንም የለም። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያቸውን አሳድገን ሰቀልን፤ ግማሽ ፊታቸው ላይ ማኅተም ያረፈበት ነው። ቀባሪው ሁሉ እያየ «ነፍስ ይማር» ሲል እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይማር ነበር። እኔ ግን ወንበሩን በትልቁ አጥቤ «የተረሳ ወንበር» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ማን እንደረሳው አልጻፍኩም።

ባለፈው ዓመት ሰመራ ላይ የባህል ሳምንት ሊደረግ ነው ተባለና አዘጋጆቹ ስለ አሮጌው አዋሽ የሚያሳዩ ፎቶዎች እንዳመጣ ጠየቁኝ። ሃያ ፎቶ በመስታወት ፍሬም አሠራሁ። በሃያዎቹም ውስጥ አንድ ሰው የለም፤ በዚህ በጣም እኮራ ነበር። መሄጃዬ ቀን ጠዋት አለሚቱ ፍሬሞቹን ካርቶን ውስጥ ስትደረድር ደረስኩ። በየመሃላቸው ወረቀት እየጎዘጎዘች ነው። ወረቀቱ ግን ወረቀት አይደለም፤ ደንበኞች አንወስድም ብለው የተዉአቸው የሰርግና የምረቃ ፎቶዎች ናቸው። ዓይን የተጨፈነባቸው፣ የደበዘዙ፣ ያልተጠራ ሰው የገባባቸው፣ በጆንያ ሙሉ ጓዳ የተቀመጡ።

«አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«መስታወቱ እንዳይሰበር ነዋ።»

«በቆሻሻ? ኤግዚቢሽን እኮ ነው የምሄደው! ጋዜጣ አጣሽ?»

«እዚህ ከተማ ጋዜጣ የሚያነብ ካወቅህ አምጣልኝና እሱን እጎዘጉዛለሁ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ወደ ጅቡቲ በሚሄድ በዩሱፍ ተሳቢ መኪና ጋቢና ውስጥ ሄድኩ። ዩሱፍ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የዚያን መንገድ ጉድጓድ በስም ያውቃል። መንገድ ላይ አዳይቱ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ካርቶኑን ከፈት አድርጌ አሳየሁት። አንድ በአንድ በትዕግሥት አየና፣ «ባንቴ፣ ይህን ሁሉ ዝገት እስከ ሰመራ ለምን ታደክመዋለህ?» አለኝ፣ «እዚያም እኮ ዝገት አለ።»

አልተቀየምኩም። ሾፌር ስለ ጥበብ ምን ያውቃል ብዬ በሆዴ ናቅኩት።

ሰመራ ሙቀቱ እንደ አዋሽ ያለ አይደለም፤ ሰውን ቆሞ የሚጠብቅ ነው። የተሰጠኝ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቬንትሌተር ከጣራ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ፎቶዎቼን ሰቀልኩ፣ መጎዝጎዣውን በር አጠገብ ጥግ ላይ ቆለልኩት፣ ሰደርያዬን ለብሼ መሃል ቆምኩ። ሰው መጣ። ሐዲዱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ሃያውን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ በሚጨርስበት ጊዜ ጨርሶ ወጣ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻ ቆም ብለው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ከዚያ በእርጋታ ጠየቁኝ።

«ሰዎቹ ምን ሆኑ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የዚህ አገር ሰዎች። ወረርሽኝ ነበር? ወይስ ተሰደዱ?»

«አሉ፣ ደህና ናቸው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሄዱ።

ከሰዓት ላይ በር አጠገብ ግርግር ሰማሁ። ዞር ስል አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ደስ ብሎኝ እየተንጠራራሁ ሄድኩ፤ የትኛውን ፎቶዬን ነው ብዬ። የከበቡት ቁልሉን ነው። መጎዝጎዣውን! እየተቀባበሉ ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። «ይሄ የመካኒኩ ወንድም አይደለም?» ይላል አንዱ። «ይቺ አስተምራኛለች!» ትላለች ሌላዋ። ያ ሃያ ፍሬም ከጀርባቸው እንደ ድሃ ዘመድ ግድግዳ ይዞ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ እሱ ቆሻሻ ነው፣ ልጥለው ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ከመካከላቸው አንዲት ሴት አንድ ፎቶ ይዛ ተነሳች። በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለች፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቷ ላይ የሰቀለች ናት። በኋላ እንደነገረችኝ ስሟ ኸሊዳ ነው፤ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እናቴ ናት።»

ፎቶውን ተቀበልኳት። የሰርግ ነው፤ አበባ የታሰረበት ነጭ መኪና፣ ከመኪናው የምትወርድ ሙሽራ፣ ሚዜዎች። ከመኪናው አጠገብ አንዲት የአፋር ሴት ቢጫ የወተት ጀሪካን አንጠልጥላ ቆማለች፤ ቀጥ ብላ ሌንሱን ታያለች። ከስምንቱ ሰዎች ዓይኗን የገለጠች እሷ ብቻ ናት።

«ሀምዳ ነው ስሟ» አለች ኸሊዳ። «የተወለደችው አሳይታ ነው፤ ትዳር አዋሽ አመጣት። እዚያ ወተት ስትሸጥ ነው ያሳደገችን። ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ሁለት ፎቶ ነበረኝ፤ ስልኬ ሎጊያ ላይ ጠፋና አብረው ሄዱ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት አነሷት? ምን አይተው ነው?»

እውነቱን በደንብ አስታውሳለሁ። ሙሽራዋ ስትወርድ ልጫን ስል ይህቺ ሴት መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። «ሴትዮ፣ ዞር በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ንቅንቅ አላለችም። ተናድጄ ተጫንኩ። በኋላ የሙሽራው ቤተሰብ «ይቺ ደግሞ ማናት? ፎቶውን አበላሸችው» ብለው መለሱልኝ። እኔም አዎ አበላሸችው ብዬ ጆንያ ውስጥ ጣልኩት።

ለኸሊዳ ግን ያልኳት እንዲህ ነው። አንገቴን አቀናሁ፣ እጄን ከኪሶቼ ባንዱ ከተትኩና፣ «ፊቷ ላይ ያለውን ክብር አየሁ። ይህቺ ሴት ታሪክ ናት፣ ማለፍ የለባትም ብዬ ነው ያነሳኋት» አልኩ።

ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ነገ አሳይታ እንሂድ። ሰዓዳ የምትባል አክስት አለችኝ፣ የእናቴ ታላቅ ናት። ይህን ከአፍዎ መስማት አለባት።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ማንም እጄን በሁለት እጁ ይዞልኝ አያውቅም። እሺ አልኩ።

አሳይታ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሃያ የሚሆን ዘመድ ይጠብቀናል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። አሮጊቷ ሰዓዳ መሃል ተቀምጣለች፤ ፎቶውን ሰጧት። አገላብጣ አየችው፤ በአውራ ጣቷ የእህቷን ፊት ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

አፋር ሲገናኝ ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ዜና ይለዋወጣል። ዳጉ ይሉታል። ያየኸውን በዝርዝር ትናገራለህ፣ ሰሚው ይጠይቅሃል፣ ያልከው ለሌላ ሰው ሳይጎድል ይተላለፋል። የሰው ሕይወትና ከብት በዚያ ወሬ ላይ የቆመ ስለሆነ እያሳመሩ ማውራት ነውር ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አፋር አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ እንዴት አላውቅም? ግን ዳጉ በእኔ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ሰዓዳ በአፋርኛ ትጠይቃለች፣ ኸሊዳ ታስተረጉማለች።

«ቀኑ ምን ነበር?»

«እሑድ።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ጥላቸው አጭር ነው፤ ስድስት ሰዓት ገደማ።»

«ጀሪካኑ ሙሉ ነው ጎደሎ?»

ፎቶውን ተቀብዬ አየሁ። ክንዷ ተወጥሯል። «ሙሉ ይመስላል።»

ሰዎቹ ተንሾካሾኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሸጠች ገበያው ተበላሽቶባታል ማለት ነው፤ ታዲያ ሰርጉ ቤት ሊገዙኝ ይችላሉ ብላ መጥታ ይሆናል አሉ። እኔ በሰርጉ ላይ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፤ ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። እነሱ ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ውሏን አወጡት።

«ምን አልካት?» አለች ሰዓዳ።

«መቼ?»

«ስታነሳት። ክብሯን አይተህ ነው አሉ። ታዲያ ምን አልካት? እሷስ ምን መለሰችልህ?»

ሃያ ሰው ዓይኔን ያየኛል። አንዱ ሽማግሌ እንዳያመልጠው ወደ ፊት ቀረብ አለ። የምናገረው ነገር ማታ ሎጊያ፣ ነገ ሚሌ፣ ሳምንት አዋሽ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

«ዞር በይ ነው ያልኳት» አልኩ።

ኸሊዳ አልተረጎመችም። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ተርጉሚላቸው» አልኳት። «ክብር ምናምን ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሙሽራዋን ጋርዳብኝ ጮህኩባት። ፎቶውንም ስላበላሸችው ነው የጣልኩት። እስከ ትናንት ድረስ መስታወት መጠቅለያ ነበር።»

ቃል በቃል ተረጎመችው። መንገዱን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ሰዓዳ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «እሷስ ዞር አለች?»

«አላለችም። ብጮህባትም አላለችም።»

አሮጊቷ ጭኗን መታች። «ሀምዳ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ እስክታለቅስ ሳቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ተቀባብለው ማውራት ጀመሩ። አማቶቿ ከቤት ዞር በይ ሲሏት ደጃፉ ላይ ሦስት ቀን መቀመጧን አነሱ። አዋሽ ላይ አንድ ተሳቢ መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ወተቷን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን እስክታስተካክል ድረስ መንገዱ መሃል መቆሟን አነሱ። ሰዓዳ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች የሆነ ነገር አለች።

«አሁን እሷ መሆኗን አመንኩ ነው የምትለው» አለች ኸሊዳ። ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ለምን እንደዚያ አሉኝ?»

«ትልቅ ሰው መምሰል አምሮኝ ነው።»

«እውነቱ ይሻል ነበር» አለች። እስካሁን ካገኘሁት ቁጣ ሁሉ ይልቅ የዚህ ልስላሴ ያመኛል።

ሻይ ከተጠጣ በኋላ ሁላችሁንም ፎቶ ላንሳችሁ አልኩ። ሰዓዳ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ መሃል ሆነች፤ ሃያው ዘመድ ከበባት። ልጫን ስል ጎረቤት መጣ፤ ግቡ አልኩ። የጎረቤቱ አማት መጣች፤ ግቢ አልኩ። በመንገዱ የሚያልፍ ጨው ነጋዴ ቆመ፤ እሱንም ግባ አልኩት። ሰው በጨመረ ቁጥር እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ሁሉም እጁን እያወናጨፈ ይጮህልኛል። አንሳን፣ አንሳን የሚሉ መስሎኝ እኔም በደስታ እያወናጨፍኩ መለስኩላቸው። ለካ ከኋላዬ የመስኖ ቦይ አለ።

ወገቤ ድረስ ገባሁ። ደግነቱ ካሜራውን ከራሴ በላይ አንስቼ አዳንኩት። ከቦዩ ውስጥ ሆኜ ስመለከት ግን ሁሉም ሰው፣ ጨው ነጋዴውም ጭምር፣ ክፈፉ ውስጥ ገብቷል። ተጫንኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ዓይኑን የገለጠበት ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ አፋቸውንም ከፍተው ነበር።

ኸሊዳም በስልኳ እኔን አንስታኛለች። ሃያውን ፍሬም ሰመራ ትቼ ጭቃ በጭቃ ሆኜ አዋሽ ስገባ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ አለሚቱ ስልክ ላይ ቀድሞኝ ደርሷል። ጓዳ ያለውን የቀረ ጆንያ ምንጣፍ ላይ ዘርግፋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት አብረን እንለያለን፤ ያወቅነውን ሰው ስም ከጀርባው እንጽፋለን፣ ያላወቅነውን መስኮቱ ላይ እንለጥፋለን። ጎረቤት ያልፍና ያይና ይገባል፤ የለም እሱ አይደለም፣ ወንድሙ ነው ብሎ ይጣላናል። እኛም እንሰርዝና እንደገና እንጽፋለን። ትናንት ደግሞ አለሚቱ ቦይ ውስጥ የቆምኩበትን ፎቶ ከሌሎቹ ጋር መስኮቱ ላይ ለጥፋው አገኘሁ። ሁለት ሰዎች ቆመው እያዩት፣ ማን ነው ብለው ሲከራከሩ ደረስኩ። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ትንሽ ካየሁ በኋላ ሰውየውን አውቀዋለሁ አልኳቸው።